«ብቁ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ለአንድ አገር የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሰው ሲታጭ ለወንበሩ መመጠን አለመመጠኑ በምን ይለያል? ተመሳሳይ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የሕግ ዲግሪ እንኳ ግዴታ አይደለም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ሌላውስ አገር?

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል ብሎ ያልፋል እንጂ ስለ ዕጩው ዕድሜ፣ ዜግነት ወይም ትምህርት የሚለው ነገር የለም። በተግባር እስከ ዛሬ የተሾሙት ሁሉ የሕግ ሰዎች ናቸው። ሆኖም በ1941 የተሾሙት ሮበርት ጃክሰን የሕግ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ሙያውን የያዙት በአብዛኛው ጠበቃ ዘንድ ተለማምደው ነው። በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሆኑት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ውሳኔዎቻቸውም ዛሬ ድረስ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባሉ።

ሌሎች አገሮች ዝቅተኛውን መስፈርት በቁጥር አስፍረዋል። ለጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚታጭ ሰው 40 ዓመት የሞላውና ለዳኝነት የሚያበቃውን የሙያ መመዘኛ ያሟላ መሆን አለበት። በብሪታንያ ቢያንስ 2 ዓመት በከፍተኛ የዳኝነት ሥልጣን ላይ መቆየት ወይም 15 ዓመት የሕግ ሙያ ልምድ ይጠየቃል። በሕንድ 5 ዓመት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት፣ ወይም በዚያው ፍርድ ቤት 10 ዓመት ጥብቅና፣ ወይም ስመ ጥር የሕግ ሊቅ ሆኖ መገኘት ይበቃል።

እነዚህን መስፈርቶች «ተሟልተዋል» ብሎ በችኮላ ምልክት አድርጎ ማለፍ ግን ጣጣ አለው። ካናዳ በ2013 ማርክ ናዶን የተባሉ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ለኩቤክ ክፍለ ግዛት በተመደበ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ሾመች። ሰውዬው ቀደም ሲል በኩቤክ ለረጅም ዓመታት ጠበቃ ነበሩ። ነገር ግን ሕጉ የኩቤክ ወንበሮች የሚሞሉት ከክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ዳኞች ወይም ከጠበቆች መካከል ነው ይላል፤ ጥያቄውም «ጠበቃ የነበረ» ይበቃል ወይስ «አሁን ጠበቃ የሆነ» ያስፈልጋል የሚል ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በመጋቢት 2014 በ6 ለ1 ድምፅ ሹመቱ ከመነሻው ዋጋ የለውም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የሕጉን አንቀጽ ከፊትዎ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ቃል ከዕጩው የሥራ ታሪክ ቀናት ጋር ያስተያዩ። ፈቃዱ ተቋርጦ ያውቃል? «ልምድ» የሚለው ቃል ማስተማርን ይጨምራል? ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የታጨችው ሴት አንድም ቀን ችሎት ተቀምጣ አታውቅም። ይህ ብቻውን ውድቅ አያደርጋትም?

መልስ፦ አያደርጋትም። ኤርል ዋረን በ1953 የአሜሪካ ዋና ዳኛ ሲሆኑ የመጡት ከካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ነው። ኤሌና ኬገን በ2010 ሲታጩ መንግሥትን ወክለው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚከራከሩ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የሐርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን። ዳኛ ሆነው አያውቁም፤ በ63 ለ37 ጸደቁ። በብሪታንያም ጆናታን ሳምፕሽን የሙሉ ጊዜ ዳኛ ሳይሆኑ ከጥብቅና በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብተዋል።

ልምድ ሲመዘን መጠየቅ ያለበት «ስንት ዓመት?» ብቻ አይደለም፤ ምን አስተምሮታል የሚለው ይበልጣል። የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ የነበረ ሰው ምስክር ሲዋሽ አይቷል፤ ግልጽ ያልሆነ መመሪያ ከላይ ሲወርድበት እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃል። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ከሁለትና ሦስት ባልደረባ ጋር ተስማምቶ መጻፍን ለምዷል። ፕሮፌሰር ሐሳቡ የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ግን መዝገቡ ጎዶሎ ሆኖም በቀጠሮው ቀን መወሰን ግድ መሆኑን አልቀመሰውም። የመንግሥት ጠበቃ አስፈጻሚውን አካል ከውስጥ ያውቀዋል፤ በዚያው ልክ ቀድሞ እጁ የገባባቸው ጉዳዮች ብዙ ስለሚሆኑ እነሱ ሲቀርቡ ከችሎት ይነሳል።

ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ያሉትን ሌሎች ዳኞች ይመልከቱ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በ2022 ሲሾሙ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቃ ሆኖ የሠራ ሰው በዚያ ፍርድ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ሆኑ። ገንዘብ የሌለውን ተከሳሽ አጠገቡ ቆሞ የተከራከረለት ሰው ችሎቱ ውስጥ አለመኖሩ የራሱ ክፍተት ነበር።

ዕጩዋ ፍርድ ካልጻፈች የሚነበበው የክርክር ጽሑፏ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የክርክር ጽሑፍ የደንበኛው ድምፅ እንጂ የጠበቃዋ እምነት አይደለም። ስለዚህ አቋሟን ትተው የሚጎዳትን ቀዳሚ ውሳኔ እንዴት እንደያዘችው ይዩ። ደብቃዋለች? በግርጌ ማስታወሻ ቀብራዋለች? ወይስ ፊት ለፊት አውጥታ «ይህ ከእኛ ጉዳይ የሚለየው በዚህ ነው» ብላለች?

ጥያቄ፦ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የዕጩውን ፍርዶች ማንበብ እፈልጋለሁ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ከየት ልጀምር? ምንስ ልፈልግ?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። የሥራ ታሪክ ማስረጃው ዕጩው የት እንደነበረ ይነግርዎታል፤ እንዴት እንደሚያስብ የሚነግርዎት ሐተታው፣ ማለትም ለፍርዱ የሰጠው ምክንያት ነው።

ምርጫው ላይ ይጠንቀቁ። የአሜሪካ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ዕጩው ዋና ዋና የሚላቸውን 10 ውሳኔዎች እንዲዘረዝር ይጠይቀዋል፤ በይግባኝ የተሻሩበትንም እንዲሁ። የመጀመሪያው ዝርዝር ዕጩው ራሱ የመረጠው ምርጥ ልብሱ ነው፤ ሦስቱን ቢያነቡ ይበቃል። ከዚያ የተሻሩትን በሙሉ፣ ከአብላጫው ዳኞች ሳይስማማ የጻፋቸውን የልዩነት ሐሳቦች በሙሉ፣ በመጨረሻም ማንም ያልጻፈባቸውን፣ ጋዜጣ ያልወጡትን ስድስት ሰባት ተራ መዝገቦች በዕጣ ይውሰዱ። የሰው እውነተኛ አሠራር የሚታየው ካሜራ በሌለበት መዝገብ ነው።

ሲያነቡ ፍርዱን በአራት ይክፈሉት፤ ፍሬ ነገሩ (ምን ሆነ)፣ ጭብጡ (የሚወሰነው ጥያቄ)፣ ሐተታው፣ ውሳኔው። ፍሬ ነገሩ ላይ ቆም ይበሉ። ልዩነት ያለበት ፍርድ ከሆነ የልዩነቱን ሐሳብ መጀመሪያ ያንብቡና ወደ ዋናው ይመለሱ፤ አብላጫው የዘለለው ፍሬ ነገር ካለ ወዲያው ይታይዎታል። ሐተታው ላይ ሲደርሱ የተሸነፈውን ወገን ጠበቃ በሐሳብዎ አጠገብዎ ያስቀምጡ። «ተሸንፌያለሁ፤ ክርክሬን ግን በትክክል ጽፎታል» ማለት ይችላል? ካልቻለ ዳኛው የመለሰው ለቀረበለት ክርክር ሳይሆን ለራሱ ለሚቀለው ነው። ይህ ጉድለት ጎበዝ ጸሐፊዎች ዘንድ ጭምር አለ፤ እንዲያውም ያማረ ዓረፍተ ነገር ይሸፍነዋል።

ከዚያ ጥቅሶቹን ያጣሩ። ከአንድ ፍርድ አምስት ጥቅስ ይምረጡና የተጠቀሰውን ውሳኔ ከፍተው ገጹን ይዩ። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሦስት መንገድ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ «ነገር ግን» ከሚለው ቃል በፊት ይቆረጣል፤ የልዩነት ሐሳብ እንደ አብላጫው ድምፅ ይጠቀሳል፤ ወይም ለዚያ ጉዳይ ውጤት የማያስፈልግ፣ በመንገድ የተጣለ አስተያየት የሥር ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት እንደሚገባ አስገዳጅ ትርጓሜ ይቀርባል። አምስቱም ከጸዱ ጥሩ ነው። ሁለቱ ከተበላሹ አሥር ተጨማሪ ያጣሩ።

ዋናው ፈተና ግን ሁለት ፍርዶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ለማሳያ ያህል፣ የይግባኝ ጊዜው 30 ቀን ነው እንበል። በአንዱ መዝገብ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ በ33ኛው ቀን መጣ፤ ዳኛው «ሕጉ 30 ቀን ይላል፤ ፍርድ ቤት ቀን አይቀጥልም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሐተታው ሁለት ገጽ፣ ንጹሕ፣ ማንም የማይከራከርበት። በሌላው መዝገብ አንድ ባንክ በ34ኛው ቀን መጣ፤ ያው ዳኛ «በቂ ምክንያት ሲኖር ጊዜው ሊራዘም ይችላል» የሚለውን አንቀጽ አንስቶ ይግባኙን ተቀበለ። ይኸኛውም ብቻውን ሲነበብ ትክክል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ያ አንቀጽ በሠራተኛው መዝገብ የት ሄደ? ምናልባት ሠራተኛው ምክንያት አላቀረበም። ስለዚህ ወደ አቤቱታው ይሂዱ። ሆስፒታል የተኛበትን ማስረጃ አያይዞ ከሆነና ዳኛው ስለ ማስረጃው አንድ ቃል ካልተነፈሰ፣ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። በችኮላ ግን አይፍረዱ፤ በሁለቱ ፍርዶች መካከል ሕጉ ተሻሽሎ ወይም ከላይ አስገዳጅ ትርጓሜ ወጥቶ ሊሆን ይችላልና ቀኖቹን ይዩ። አንድ ጥንድ ስሕተት ሊሆን ይችላል። በተለያየ ጉዳይ ሦስት አራት ጥንድ ሲሆን ግን ጠባይ ነው።

ስለ ተሻሩ ፍርዶች ቁጥር አንድ ማሳሰቢያ። ዕጩው 500 ፍርድ ሰጥቶ በ60ዎቹ ይግባኝ ቢባልና 12 ቢሻሩ፣ ደጋፊው «2.4 በመቶ ብቻ» ይላል፤ ተቃዋሚው «20 በመቶ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚያካፍሉት ለየብቻ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር የሚነጻጸረው ሁለተኛው ነው። እሱም ቢሆን ለምን እንደተሻረ ካልታወቀ ባዶ ቁጥር ነው። ሕጉ በኋላ ተለውጦ የተሻረና «ማስረጃውን አልመዘነም» ተብሎ የተሻረ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መርጦ ከሚያያቸው ጉዳዮች ከግማሽ በላዩን ይሽራል፤ ስለዚህ እዚያ ደርሶ መሻር ብቻውን ነውር አይደለም።

ሌላው ወጥመድ የጸሐፊው ማንነት ነው። ዳኞች የሕግ ረዳት አላቸው፤ ረቂቁን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በጋራ የተፈረመ ወይም ስም የሌለው ፍርድ ደግሞ የማን ሐሳብ እንደሆነ አይታወቅም። የግል ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው በልዩነት ሐሳቦችና ከውጤቱ ተስማምቶ በምክንያቱ በተለየባቸው ጽሑፎች ነው። በተጨማሪም የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ በአስገዳጅ ትርጓሜ የታሰረ ነው። ያንን ተከትሎ የጻፈውን እንደ እምነቱ መቁጠር ፖስታ አድራሹን ስለ ደብዳቤው ይዘት መውቀስ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕጩውን «እጅግ ብቁ» ብሎታል። ጉዳዩ አላለቀም?

መልስ፦ አላለቀም። የማኅበሩ ኮሚቴ ከ1953 ጀምሮ የፌዴራል ዳኞችን ይመዝናል። የሚያያቸው ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ታማኝነት፣ የሙያ ችሎታ፣ የዳኝነት ጠባይ። የሚሰጠው ደረጃም ሦስት ነው፤ እጅግ ብቁ፣ ብቁ፣ ብቁ ያልሆነ። ዕጩውን የሚያውቁ ዳኞችንና ጠበቆችን በምስጢር ያነጋግራል፤ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን የሕግ መምህራንና ልምድ ያላቸው ተከራካሪዎች ጽሑፎቹን እንዲያነቡ ያደርጋል። የፖለቲካ አመለካከት አልመዝንም ይላል።

ጥንካሬው ምስጢሩ ነው፤ ነገ ፊቱ የሚቆም ጠበቃ ዛሬ በስሙ አይናገርም። ድካሙም ያው ምስጢር ነው። ስለዚህ ደረጃውን ሳይሆን ክፍፍሉን ያንብቡ። በ1987 ሮበርት ቦርክን 10 አባላት «እጅግ ብቁ» ሲሏቸው 4ቱ «ብቁ አይደሉም» ብለዋል። የዚያን ያህል ኮሚቴ ሲከፈል ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ቦርክ የሕግ ዕውቀታቸውን ማንም ሳይጠራጠር በሴኔቱ 58 ለ42 ወድቀዋል። በ1991 ክላረንስ ቶማስን እጅግ ብቁ ያላቸው አንድም የኮሚቴ አባል አልነበረም፤ በ52 ለ48 ጸደቁ።

ጥያቄ፦ ዳኛው መካከለኛ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ሁሉም ሊቅ መሆን አለበት?

መልስ፦ ይህን መከራከሪያ በ1970 የነብራስካው ሴናተር ሮማን ሕሩስካ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ለታጩት ለሃሮልድ ካርስዌል ተጠቅመውበታል። መካከለኛ ሰዎችም ትንሽ ውክልና ይገባቸዋል ማለታቸው ነበር። ከዚህ በላይ ዕጩውን የጎዳ ደጋፊ መገኘቱን እንጠራጠራለን። ካርስዌል 51 ለ45 ወደቁ።

ጉዳቱ ተራ ነው። በመጨረሻው ፍርድ ቤት «እንደየሁኔታው ተገቢ ሆኖ ሲገኝ» የምትል አንዲት ልል ሐረግ ብታመልጥ ሥር ያለው ዳኛ ሁሉ በየፊናው ይተረጉማታል፤ ጠበቃው ለደንበኛው «ትሸነፋለህ፣ ክሱን ተው» ማለት አይችልም፤ መዝገቡ ይበዛል። የሚያርመውም ያው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ያውም ሌላ ጉዳይ እስኪደርሰው ጠብቆ።

ጥያቄ፦ በሕዝብ ፊት ሲጠየቁ ሁሉም «በዚህ ላይ አስተያየት መስጠት አልችልም» ይላሉ። ታዲያ ጥያቄው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ በአብዛኛው የሚጠቅመው ለጠያቂው ነው። ይህ ሥርዓት ከመጀመሪያውም እንዲህ አልነበረም። በ1916 ለሉዊስ ብራንዳይስ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲደረግ ዕጩው ራሳቸው አልተገኙም፤ ዕጩ በአካል ቀርቦ የተጠየቀው በ1925 ነው፤ ቴሌቪዥን የገባው በ1981 በሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጊዜ ነው። ዛሬ የሚሰማው መልስ መልክ የያዘው ደግሞ በ1993 ሩት ቤደር ጊንስበርግ ወደፊት ሊመጣ በሚችል ጉዳይ ላይ ፍንጭም ትንበያም አልሰጥም ካሉ ወዲህ ነው። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፦ ዛሬ ቃል የገባ ዳኛ ነገ ባለጉዳዩን ሳይሰማ ፈርዷል ማለት ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። «ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሕግ ምን ያስባሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ማምለጫ በር ከፍቶ ሰጥቷል። በሩን የሚዘጋው ዕጩው አስቀድሞ የጻፈውን ይዞ መጠየቅ ነው። «በዚህ ፍርድዎ ገጽ 14 ላይ የሕጉ ቃል ግልጽ ነው ብለዋል። የልዩነት ሐሳብ የጻፉት ባልደረባዎ ያንኑ ቃል በሌላ መንገድ አንብበውታል። የእሳቸው ንባብ ከሁሉ የሚጠነክረው የቱ ላይ ነው?» ይህ ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ቃል መግባትም አይደለም። ያልተዘጋጀ ሰው እዚህ ላይ ይንተባተባል። ሁለተኛ ጠቃሚ ጥያቄ፦ «በዓመታት ውስጥ ሐሳብዎን የለወጡበትን አንድ የሕግ ነጥብ ይንገሩን፤ ምን አስለወጠዎት?» ሦስተኛው፦ «ውጤቱን እየጠሉ የፈረዱበት መዝገብ የቱ ነው?» የመዝገቡን ስም ካልጠራ አልመለሰም።

ጠያቂውም መስመር ሊስት ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን በሚያዝያ 2021 ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዕጩዎች ያደረገው ቃለ መጠይቅ ተገቢ ያልሆኑ የፖለቲካ ጥያቄዎች ተነሥተውበታል ተብሎ ክስ ቀረበበት፤ በስምምነት ውጤቱ ቀርቶ በጥቅምት ቃለ መጠይቁ እንደገና ተካሄደ።

ጥያቄ፦ ሀብቱንና የቤተሰቡን ጉዳይ መመርመር ነገር መፈለግ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ኤብ ፎርታስ ምን ያህል የሕግ አዋቂ እንደነበሩ የካደ የለም። በ1968 ዋና ዳኛ እንዲሆኑ ሲታጩ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ተከታታይ ትምህርት 15,000 ዶላር እንደተከፈላቸው ታወቀ፤ ገንዘቡን ያሰባሰቡት የቀድሞ የሥራ ሸሪካቸው ከነጋዴዎች ነው። ሹመቱ ተሰናከለ። በዓመቱ ደግሞ በምርመራ ላይ ከነበረ ባለሀብት ፋውንዴሽን 20,000 ዶላር ተቀብለው እንደነበር ወጣ፤ ገንዘቡን መልሰው የነበሩ ቢሆንም በግንቦት 1969 ወንበራቸውን ለቀቁ።

የሚጣራው የሀብቱ መጠን አይደለም፤ ገንዘቡ ከማን መጣ የሚለው ነው። የአክሲዮን ዝርዝር፣ የትዳር አጋርና የልጆች አሠሪ፣ የቀድሞ ደንበኞች፣ የንግግርና የመጽሐፍ ክፍያ፣ ከባንክ ውጭ የተወሰደ ብድር። ከዚያ «ከነዚህ ስንቶቹ በዓመት ውስጥ ችሎቱ ይቀርባሉ?» ብለው ይጠይቁ። በአሜሪካ አንድ ዳኛ ሲነሳ የሚተካው የለም፤ 8 ይቀራሉ፤ 4 ለ4 ከሆኑ የሥር ፍርዱ ይጸናል፣ አስገዳጅ ትርጓሜ ግን አይወጣም። በብሪታንያ ችሎቱ ብዙ ጊዜ በ5 ዳኛ ስለሚቀመጥ ከ12ቱ ሌላ ዳኛ ይተካል። ስለዚህ ያው የጥቅም ግጭት በአንዱ አገር ከባድ፣ በሌላው ቀላል ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «የዳኝነት ጠባይ» የሚሉት ነገር ይለካል?

መልስ፦ በከፊል ይለካል። የሚታመነው ልኬት ጊዜ ነው፦ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ፍርዱ ስንት ወር ቆየ? በደቡብ አፍሪካ ቃለ መጠይቆች ላይ ስለዘገዩ ፍርዶች መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለሌሎችም ቢደርሳቸው መልካም ነው። ሁለተኛው የችሎት ድምፅ ቅጂ ነው። አምስት ክርክሮች ያዳምጡና ጠበቃው መልሱን ሳይጨርስ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይቁጠሩ። ያንኑ ቆጠራ አብረው ለተቀመጡት ዳኞችም ያድርጉ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ሐሜትን ግን ይጠንቀቁ። በ2009 ሶንያ ሶቶማዮር ሲጠየቁ አንድ ሴናተር ስማቸው ያልተጠቀሰ ጠበቆች ስለ ኃይለኝነታቸው የሰጡትን አስተያየት እያነበቡ ስለ ጠባያቸው ጠየቋቸው። ወንዱ ሲጠይቅ «ጥብቅ»፣ ሴቷ ስትጠይቅ «ቁጡ» የሚባልበት ዓለም ስለሆነ፣ ከባልደረቦች ጋር ያልተነጻጸረ አስተያየት ቢቀር ይሻላል። ሶቶማዮር በ68 ለ31 ጸድቀዋል።

ጥያቄ፦ ዕጩው ብቁ ነው፣ አመለካከቱ ግን ከእኔ ጋር አይገጥምም። ብቁ አይደለም ብል ስሕተት ነው?

መልስ፦ ስሕተት ነው። «አልደግፈውም» ይበሉ። አንቶኒን ስኬሊያ በ1986 በ98 ለ0፣ ጊንስበርግ በ1993 በ96 ለ3 ጸድቀዋል፤ ሁለቱ በሕግ አተረጓጎም ሆድና ጀርባ ነበሩ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በ2022 ያገኙት 53 ለ47 ነው። የዕጩዎች ችሎታ አላሽቆለቆለም፤ ድምፅ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው የተለወጠው። በ2017 ሴኔቱ ክርክሩን ለመዝጋት ያስፈልግ የነበረውን 60 ድምፅ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩዎች ሲያነሳ፣ ከሌላው ወገን ድምፅ የመፈለጉ ግዴታም አብሮ ቀረ። ጀርመን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ጠርዝ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ገና ከመታጨቱ በፊት ይወድቃል፤ ዋጋው ደግሞ ድርድሩ ከመጋረጃ ጀርባ መሆኑ ነው።

አመለካከትን መመዘን ሕጋዊ ነው፤ ግን በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉት። መጀመሪያ የችሎታውን ገጽ ጽፈው ይጨርሱ፣ ይፈርሙበት፤ ሁለተኛውን ከዚያ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያለኝ ሁለት ምሽት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ምሽት ዕጩው ለኮሚቴው የሞላውን መጠይቅ ያንብቡ፤ ባዶ የተተወውን ወይም በአንድ መስመር የታለፈውን ምልክት ያድርጉ። በ2005 የሃሪየት ማየርስን መጠይቅ የኮሚቴው መሪዎች መልሱ በቂ አይደለም ብለው እንደገና እንዲሞላ ጠይቀው ነበር፤ ጥቅምት 3 የታጩት ሴት ጥቅምት 27 ራሳቸውን አገለሉ። በሁለተኛው ምሽት አራት ጽሑፍ፦ አንድ የተሻረ ፍርድ ከሻረው ፍርድ ጋር፣ አንድ የልዩነት ሐሳብ ከአብላጫው ጋር። የጋዜጣ ትንታኔውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ፤ ቀድመው ካነበቡት በፍርዱ ውስጥ የሚያዩት እሱን ብቻ ይሆናል።